ሐምራዊ ክዳን፦ ከሕፃናት ደም የቀዳሁባቸው ዓመታት

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ከአስኮ በታክሲ መጥቼ ኮልፌ ያለው ጤና ጣቢያ በር ላይ ስደርስ ገና አንድ ሰዓት ተኩል አልሆነም። ዘበኛው ታማሚ መስዬው ካርድ ክፍል ወረፋ አስያዘኝ። እኔም ብዙ መናገር አልወድምና ዝም ብዬ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደርሶ ካርድ የሚያወጣው ልጅ ምኔን እንደሚያመኝ ሲጠይቀኝ ነው የቅጥር ደብዳቤዬን ያሳየሁት።

የላብራቶሪው ኃላፊ አቶ ሙደሲር ይባላሉ። የስልጤ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቀልዱ ፊታቸው የማይንቀሳቀስ። ደብዳቤዬን ቆመው አነበቡት። ስንት ልጅ አለሽ አሉኝ። ገና አላገባሁም አልኳቸው።

"እንግዲያው ዛሬ ሠላሳ ታገኛለሽ" አሉና ነጭ ጋዋን ወረወሩልኝ።

የሕፃናት ቀን ነበር። ከኤች አይ ቪ ጋር ለተወለዱ ልጆች መድኃኒት መሰጠት የጀመረበት ሰሞን ነው። እናቶች ከአየር ጤና፣ ከቤቴል፣ ከቡራዩ መንገድ ሳይቀር ይመጡ ነበር። የእኔ ሥራ ክንድ መያዝ ብቻ ነው። መርፌው የአቶ ሙደሲር ነው።

የመጀመሪያው ልጅ የሦስት ዓመት ወንድ ነው። ላስቲኩን ክንዱ ላይ ሳስር አውራ ጣቴን ነከሰኝ፤ ነክሶም አልለቀቀም። አቶ ሙደሲር የእኔን ጣት ዞር ብለው አላዩትም። የልጁን አፍ ከፈት አድርገው "ጥርሱ ደኅና ነው?" አሉ።

ሳቄ መጣ። በተቀጠርኩ በሩብ ሰዓት አለቃዬ ፊት እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ልጁ ግራ ገብቶት አየኝና እሱም ሳቀ። ሲስቅ ማወራጨቱን ተወ፤ ክንዱ ላላ። አቶ ሙደሲር አፍታ አልፈጁም፤ ቱቦው ሞላ።

"ከእንግዲህ" አሉ ቱቦውን ቀስ እያደረጉ እየገለባበጡ፣ "አንቺ አስቂ፤ እኔ ልውጋ።"

በዚህ ውል ሁለት ዓመት ሠራን። ከዚያ በኋላ ማሳቁም መውጋቱም የእኔ ሆነ።

ሥራው በጥቂት ነገር ላይ የቆመ ነው። ክዳኑ ሐምራዊ የሆነው ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አለ። ደሙ እንደገባ ስምንት ጊዜ ቀስ ብሎ መገልበጥ ነው። የነቀነቀ ያበላሸዋል፤ የረሳ ይረጋበታል። ለጨቅላ ደግሞ የሚወጋው ተረከዝ ነው። ጓንት ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ጨምረን እግሩ ላይ እናሳርፋለን፤ ሲሞቅ ደሙ ይመጣል። ደሙ የሚንጠባጠብበት ወረቀት ላይ አምስት ክቦች አሉ። እያንዳንዱን በአንድ ትልቅ ጠብታ መሙላት፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ማድረቅ ነው።

ለትልልቆቹ ሌላ ጓንት እነፋና አፉን እቋጥረዋለሁ። ጣቶቹ ከላይ ሲቆሙ አውራ ዶሮ ይመስላል። በእስክሪብቶ ዓይን እሠራለታለሁ። በዚህ ዶሮ ስንት ክንድ እንደተቀዳ አላውቅም። የጤና ጣቢያው ግምጃ ቤት ግን ጓንት ቶሎ የሚያልቅበትን ምክንያት ለዓመታት ሲፈልግ ኖሯል። ይኸው አሁን ነገርኳችሁ።

በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር አንድ ስሕተት ሠራሁ። ወጣቶች እንድታውቁት ነው የምጽፈው።

ሰውነት በሽታን ሲከላከል ሌሎቹን የሚያዝዙ ሴሎች አሉ፤ ሲዲ ፎር ይባላሉ። ቫይረሱ የሚያጠቃውም እነሱን ነው። ያን ጊዜ የሲዲ ፎር ማሽን አልነበረንም። ደሙን ወደ ሆስፒታል እንልካለን፤ ውጤቱ በወረቀት ይመጣል። ትምህርት ቤት የተማርኩት በአዋቂ ነው። አምስት መቶ ካለፈ ሰውየው ደኅና ነው።

የአንድ የስምንት ወር ሕፃን ውጤት መጣ፤ ዘጠኝ መቶ ይላል። እናቱ መተላለፊያው ላይ አገኘችኝና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አላስቻለኝም። ዘጠኝ መቶ ነው፣ ደስ ይበልሽ አልኳት። ወለሉን ሳመች። የጫማዬንም ጫፍ ሳመች። እየሮጠች ወጣች፤ ሐኪሙንም አልጠበቀች።

እኔም እየዘለልኩ ገብቼ ለአቶ ሙደሲር ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሕፃን ሲወለድ ወታደሩ ብዙ ነው" አሉኝ። "የአዋቂውን ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ግን ሁሉም ምልምል ነው፤ አንዱም ውጊያ አይቶ አያውቅም። ቫይረሱ አብሮ ከተወለደ ገና ሥልጠና ላይ ሳሉ ያገኛቸዋል። የትልቅ ሰው ዘጠኝ መቶ ጤና ነው። የዚህ ልጅ ዘጠኝ መቶ ሽንፈት ነው። በሕፃን ቁጥሩን ብቻ አትዪ፤ ከተከላካይ ሴሎቹ ሁሉ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ እዪ።"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሂጂና መልሻት አሉኝ።

ጋዋኔን እንደለበስኩ ወጣሁ። ሴትዮዋ የአየር ጤና ታክሲ ውስጥ ገብታለች። እኔም ገባሁ። ሰው ፊት ልነግራት አልችልም፤ ስለዚህ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየር ጤና ድረስ ዝም አልኩ። ወያላው የጋዋኑን ኪስ እያየ ዶክተር ሒሳብ አለኝ። ቦርሳዬን ላብራቶሪ ትቻለሁ። የከፈለችልኝ እሷ ናት፤ እየሳቀች፣ እየመረቀችኝ።

አየር ጤና ወርደን ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ነገርኳት። ጮኻ የምትመታኝ መስሎኝ ነበር። ልጁን ጀርባዋ ላይ አስተካከለችና "ታዲያ ምን ቆመን እንጠብቃለን?" አለችኝ። በሚቀጥለው ታክሲ አብረን ተመለስን። ያንንም ሒሳብ ከፈለችልኝ። ልጁ በዚያው ሳምንት መድኃኒት ጀመረ። አደገ። አሁን ከእኔ ይረዝማል። ተመስገን።

ማሽኑ የመጣልን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የዳቦ ሳጥን የምታክል ነገር ናት። አቶ ሙደሲር የመጋረጃ ጨርቅ አሰፍተው ሸፈኗትና ሙሽራዋ አሏት። በመጀመሪያው ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ጫማ አውልቀን ነው የገባነው። የተቀዳው ደም ፍሪጅ አይገባም፤ በዕለቱ መነበብ አለበት። መብራት ሲጠፋ እኔ ጄኔሬተር ወዳለበት እሮጣለሁ፣ አቶ ሙደሲር ሙሽራዋን አቅፈው ይቆማሉ። ለምን እንደሚያቅፏት ጠይቄያቸው አላውቅም።

በመሀል እኔም አገባሁ፤ ሶልያና ተወለደችልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን ስለ ማክዳ ልንገራችሁ። ስሟን ቀይሬዋለሁ። የሌሎቹንም ቀይሬያለሁ።

ማክዳ ከቫይረሱ ጋር ነው የተወለደችው። እናቷ ይህን ያወቀችው ልጅቱ በአንድ ዓመቷ በጠና ስትታመም ነው። ቤቴል ልብስ ትሰፋለች፤ ባል የላትም፤ ሌላ ልጅም የላትም። መጀመሪያ ቀን ስቀዳት ማክዳ እንደ ብርድ ልብስ እናቷ ትከሻ ላይ ተጣጥፋ ነበር። ሲዲ ፎሯ ከመቶ አሥራ አንድ እጅ ነበር። በዚያ ዕድሜ ከሃያ አምስት በላይ እንፈልጋለን።

መድኃኒቱን ስትጀምር ከፍ አለ። አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ ሃያ አራት። ማክዳ ወፈረች፤ ወሬኛም ሆነች። እናቷ የቆጠበችውን ቃል ሁሉ እሷ ትናገረዋለች። አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም መጥታ የጓንቱን ዶሮ ስሰጣት እጇን ወደ ኋላ አሸሸች።

"ጾም ነው" አለችኝ። "ዶሮ አይፈቀድም።"

በጓንቱ ላይ ያለውን ዓይን አጥፍቼ ጎመን ነው አልኳት። ያን ጊዜ ተቀበለችኝ። አቶ ሙደሲር ከማሽኑ ጀርባ ሲያስሉ ሰማሁ። ሳቃቸው እንደዚያ ነው።

አራት ዓመት ሲሞላት ግን ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። አሥራ ዘጠኝ ሆነ፤ ቀጥሎ አሥራ ስድስት። በግንቦት ደሟን ለቫይረስ መጠን ምርመራ ላክነው። ቫይረሱ ብዙ ሆኖ ተመለሰ።

የሕፃናቱን መድኃኒት ክፍል የያዘችው ሲስተር ሂሩት ናት። ጎበዝ ነርስ ናት፤ ፈጣን፣ ፊት ለፊት ተናጋሪ። እንዲህ ሲሆን ደንቡ ሦስት ወር ምክር መስጠት፣ በየወሩ የተረፈውን ክኒን መቁጠር፣ ከዚያ እንደገና መመርመር ነው። የማክዳ እናት የክኒኑን ዕቃ ይዛ ትመጣለች። ሂሩት ጠረጴዛው ላይ ትዘረግፈውና ትቆጥራለች። አንድም ክኒን አይተርፍም፤ አንድም አይጎድልም። ያስቀረሽው አለ ወይ ብላ ትጠይቃታለች። የለም ትላለች። እውነቷን ነበር።

ስለዚህ የቀረው አንድ ምክንያት ነው፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን ለምዶታል። ሐኪሙ ወደ ሁለተኛው ረድፍ መድኃኒት ሊያሻግሯት አሰቡ። የሁለተኛው ረድፍ ሽሮፕ እጅግ መራራ ነው፤ ልጆች ይተፉታል። ፍሪጅም ይፈልጋል፤ የማክዳ ቤት ፍሪጅ የለም። ከሁለተኛው በኋላ ደግሞ ያን ጊዜ ለልጅ የሚሆን ሌላ መድኃኒት እጃችን ላይ አልነበረም። በአራት ዓመቷ የመሰላሉን የመጨረሻ እርከን መርገጧ ነው። የድጋሚው ምርመራ ቀጠሮ ነሐሴ ሃያ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። ለማያውቅ አንባቢ፦ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ነው። በአዘቦት ቀን ቅዳሴው ስድስት ሰዓት ላይ ይገባል፤ የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሕፃን ያለው በየቀኑ ያቆርባል። እስከዚያ በልጁ አፍ እህልም ውሃም አይገባም።

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሶልያናን አቆርብ ነበር። አምስተኛው ቀን ይመስለኛል። ዝናቡ አባርቶ ግቢው ጭቃ ብቻ ሆኗል። ለቁርባን በተሰለፉት ሕፃናት መሀል ማክዳንና እናቷን አየኋቸው። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግኩ። በሥራችን ከጤና ጣቢያው ግቢ ውጭ ደንበኛ አናውቅም፤ እነሱ ካላወቁን በቀር።

ማክዳ አወቀችኝ።

"እማዬ፣ ያቺትና ደሜን የምትቀዳው" አለች። ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ ባለበት ሰዓት ነው።

ከጎኔ የቆሙ አንዲት እናት ዞረው አዩኝ። አማተቡ። የልጅ ልጃቸውን በእኔ በኩል ከነበረበት አንሥተው ወደ ማዶ አዞሩት። ሶልያና እናቷ በመታወቋ ኩራት ተሰማት።

"እማ የሁሉንም ልጅ ደም ትቀዳለች" አለቻቸው።

ሴትዮዋ ሁለት እርምጃ ራቁ። እኔ ነጠላዬን ነክሼ ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ያየኝ ሰው በንስሐ የማለቅስ ይመስለዋል። የማክዳ እናት ግን አልሳቀችም። ፊቷ አመድ መስሎ ልጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገቻት።

ሶልያና እጄን ጎተተችኝ። "ራበኝ" አለች። "ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ውሃ እንኳን።"

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሳቄ ቀጥ አለ። የማክዳ የጠዋት ክኒን ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ነው። በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ክኒን ነው።

የቀረውን ቅዳሴ አላዳመጥኩትም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በጣቴ እቆጥር ነበር።

በማግስቱ ፈቃዴን ትቼ ጤና ጣቢያ ገባሁ። የማክዳ እናት ያለ ቀጠሮዋ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ምስጢሬ ወጣ ብላ ሌሊቱን አልተኛችም። ናሙና መቀበያው ክፍል አስገባኋትና በሩን ዘጋሁት። ማንም ምንም እንዳልጠረጠረ፣ ቢጠረጥሩም የጠረጠሩት እኔን እንደሆነ ነገርኳት። ትንሽ ፈገግ አለች።

"የጠዋቱን በስንት ሰዓት ነው የምትሰጫት?" አልኳት።

"ሁለት ሰዓት።"

"ትናንትስ?"

ነጠላዋን አስተካከለች።

"ማታ ሁለቱን አንድ ላይ ሰጠኋት" አለች። "አንድም አላስቀረሁም፣ እትዬ ወይንሸት።"

"ከትናንት በስቲያስ?"

"ያው ነው።"

"እሑድስ?"

የዚያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ልጇ በሕይወትና በሞት መሀል በነበረችበት ሰሞን ተስላ ነበር፤ ልጄን አትርፍልኝ እንጂ በቻልኩት ቀን ሁሉ አቆርባታለሁ ብላ። ልጅቱ ተርፋለች። እሷም ስለቷን ሰጠች። መጀመሪያ በወር አንዴ ነበር፤ ልጅቱ እየበረታች ስትሄድ እሑድን ሁሉ፣ ከዚያ የወሩን በዓላት፣ ከዚያ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን ጨመረች። በእነዚያ ቀናት ሁሉ የጠዋቱ ክኒን ሰዓቱ አልፏል ተብሎ ይቆያል፤ ማታ ሁለቱ ባንድ ይሰጣል። ክኒኑ ሲቆጠር ልክ ይመጣል። ሰውነቱ ግን ቀኑን ሙሉ ያለ መድኃኒት ይውላል፤ ቫይረሱም በዚያ ሰዓት ይባዛል። ቁጥሩ መውረድ የጀመረው ምስጋናዋ በበዛ ጊዜ ነው።

"እኔ ነኝ የጎዳኋት?" አለችኝ።

ሰዓቱን ያልጠየቅን እኛ ነን አልኳት። ይህን ስል እውነቴን ነው። እኔ ራሴ ልጅ የማቆርብ ሴት ነኝ። ያቺን ክንድ ለዓመታት ይዣታለሁ። በጾም ዶሮ አይፈቀድም ስትለኝ ስቄ አልፌያታለሁ።

ሂሩትን ጠራኋት። ሰምታ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፤ ስለ ቁርባን ጾም ከየት ታውቃለች። አቶ ሙደሲርም መጡ። እንደ ልማዳቸው ፊታቸው ሳይንቀሳቀስ አዳመጡ።

"በረመዳን ቢሆን በመጀመሪያው ቀን አገኘው ነበር" አሉ። "የእኛን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ሱሑር ስንት ሰዓት ትበላለህ ብዬ ነው። የእናንተን ማን ይወቀው? አንዱ ስድስት ሰዓት ይላል፣ አንዱ ዘጠኝ ይላል። ዓሣ ይበላል አይበላም ላይ እንኳን ገና አልተስማማችሁም።"

"እኔን አይዩኝ" አለች ሂሩት። "እኔ ዓሣውን እበላለሁ።"

የማክዳ እናት እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አራት ሰው ሲስቅበት ቱቦዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ሂሩት ሐኪሙ ዘንድ ገብታ ለመነች። ሐኪሙ ሦስት ወር ሰጡን። በሦስት ወር ቫይረሱ ካልወረደ ሁለተኛው ረድፍ ነው፤ ሌላ ክርክር የለም አሉ። ሂሩት የክኒኑን ሰዓት ወደ ንጋት አሥራ አንድና ወደ ማታ አሥራ አንድ አዛወረችው። በፍልሰታ እንኳ የማታው ከቁርባን በኋላ ይሆናል። የቀረው የንጋቱ ነው። እሱን እኔም ሂሩትም መፍቀድ አንችልም። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ አልኳት።

ፈራች። የንስሐ አባቷ ስለ ሕመሙ አያውቁም ነበር። ሦስት ቀን አመነታች። በአራተኛው ቀን ሄደች። ተመልሳ የነገረችኝን እንዳለ እጽፈዋለሁ። አባ አንገታቸውን ደፍተው ጨርሰው ሰሟት።

"ማነው መድኃኒቷን የከለከላት?" አሏት።

"ማንም አልከለከላትም፣ አባ። እኔ ነኝ።"

"ጠይቀሽኝ ነበር?"

"አልጠየቅኩዎትም።"

"እንግዲያው ያልጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ሕፃን ናት፤ መድኃኒትም ምግብ አይደለም። በሰዓቷ ስጫትና ይዘሻት ነይ። እኔም ለኪዳን ጸሎት የምነሣው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከእኔ ቀድመሽ ከነቃሽ ደውይልኝ፤ አንዳንዴ እንቅልፍ ይጥለኛል።"

ይህን ስትነግረኝ ልብስ እንደሚሰፋ ሰው ጣቷ ዝም ብሎ ይንቀሳቀስ ነበር። በእፎይታ ነው።

የስልኳን ደወል መዝሙር አደረገችው። ግቢው የሰባት ተከራይ ግቢ ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መዝሙሩ ሲነሣ ሰባቱም ቤት ይነቃል። በሳምንቱ ጎረቤቱ ሁሉ ጸሎተኛ ናት አላት። ናትም። አንደኛዋ ጎረቤት ግን እኔም ከዛሬ ጀምሮ አብሬሽ ኪዳን እሄዳለሁ አለች። ልክ አሥራ አንድ ተኩል ላይ በር ታንኳኳለች። የማክዳ እናት ለክኒኑ ነው የምነሣው ማለት አትችልም። ስለዚህ ክኒኑን ትሰጣለች፣ ማክዳን ታዝላለች፣ ኪዳን ትሄዳለች። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ኪዳን አላመለጣትም። እያዛጋች መጥታ ስትነግረኝ ወረፋ የያዙት እናቶች እስኪገረሙ ሳቅን።

በኅዳር መጨረሻ ማክዳን ቀዳኋት። ሁለት ቱቦ ነው፤ አንዱ ለእኛው ማሽን፣ አንዱ ለቫይረስ መጠን ወደሚላክበት። ማሽናችን በዕለቱ ሃያ ሁለት አለ። አቶ ሙደሲር ድጋሚ አንብቢው አሉኝ። ድጋሚ ሃያ ሁለት አለ። ጥሩ ነው፤ ግን የሚወስነው ሁለተኛው ቱቦ ነው።

ሦስት ሳምንት ጠበቅን። እኔ ምን ጸለይኩ ብዬ አልጽፍም።

ውጤቱ በጥቅል ፖስታ ነው የሚመጣው። እየለየሁ በየመዝገቡ የማስገባው እኔ ነኝ። የማክዳን ወረቀት አገኘሁት። ቁጥር የለውም። ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ቫይረሱ አልተገኘም ይላል።

የምላሴን ጫፍ ነከስኩት። ወረቀቱን ለሂሩት ሰጥቼ ወጣሁና ቁም ሣጥኑ ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመርኩ። ጉልበቴ ዝም ብሎ ይስቃል። ጉልበት ይስቃል ብል ማንም አያምነኝ ይሆናል፤ የሚስቅ ነው።

የማክዳ እናት አራት ሰዓት ላይ መጣች። የሂሩትን ክፍል ከእኛ የሚለየው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው። ጆሮዬን ለጠፍኩ። አቶ ሙደሲር አዩኝ፤ የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸውም መጥተው ከጎኔ ለጠፉ።

ሂሩት ቀስ ብላ አነበበችላት። ከዚያ የማክዳ እናት እልልታ ጀመረችና ወዲያው ታፈነች፤ አፏን በእጇ ይዛ ነው። ውጭ ስድሳ ሰው ተቀምጧል። ለምን እልል እንዳለች ቢጠይቋት ምን ትላለች?

ሂሩት ዝምታውን አልቻለችም። "አንቺ ካልቻልሽ እኔ አለሁ" አለችና በዚያ ጎላ ባለ ድምፅዋ እልልታውን ለቀቀችው። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። በመጠበቂያው አዳራሽ የተቀመጡት እናቶች ምክንያት አልጠየቁም፤ ተቀበሏት። ካርድ ክፍል ተቀበለ። እርጉዞቹ ያሉበት ክፍል ተቀበለ። ሕፃናቱ ማልቀሳቸውን ትተው ያያሉ። ዘበኛው ዱላውን ይዞ ሮጦ ገባ።

"ማን ወለደች?" አሉ አንዲት ሴትዮ። "ወንድ ነው ሴት?"

አቶ ሙደሲር በሩን ከፍተው ራሳቸውን ብቻ አወጡ።

"ሴት ናት" አሉ። በሩን መልሰው ዘጉት።

እልልታው እንደ አዲስ ተነሣ። ማክዳ ከእናቷ እጅ አምልጣ እኛ ክፍል ገባች። ምን ሆናችሁ ነው አለችን። አቶ ሙደሲር ግድግዳው ላይ ተደግፈው፣ ሳል የማይመስል ሳቅ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማክዳ እዚያው በመጀመሪያው መድኃኒት ላይ ቀረች። ሁለተኛው ረድፍ ሳይነካ ተቀመጠላት። በሚቀጥለው ዓመት ሲዲ ፎሯ ሠላሳ አንድ እጅ ሆነ። ሰውነቷ ሲበረታ የኩፍኝ ክትባቷን ደገምንላት፤ ሳይጠነክር የተከተበ ሰውነት የተማረውን ይረሳልና። ክንዷ ትንሽ አበጠ፤ አንድ ሌሊት አተኮሳት። ሂሩት ደስ አላት፤ ሰውነቷ መልስ እየሰጠ ነው አለች።

ናሙና ክፍል አዲስ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። የተረፈው ክኒን ስንት እንደሆነ ብቻ አትጠይቁ። በስንት ሰዓት እንደተሰጠ ጠይቁ፤ ትናንትን ለብቻ፣ እሑድን ለብቻ፣ ጾሙን ለብቻ።